በሩ ያላስገባው ቁም ሳጥን

ሥራዋ ልብስ መተኮስ ስለሆነ ሰው ሁሉ ተኳሿ ይላታል። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። አዲስ ሰው ስሟን ሲሰማ ቀና ብሎ ያያታል፣ እሷም «አይዞህ፣ እኔ የተኮስኩት አይሞትም፤ ይስተካከላል እንጂ» ትለዋለች። ቀልዱ አርጅቷል፣ እሷም አብራው አርጅታለች፤ ሁለቱም ግን ገና ያገለግላሉ።

የምትሠራው ልብስ አጥበው ተኩሰው ከሚያስረክቡ ሰዎች ዘንድ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። እንፋሎቱ ፊቷን ያወዛዋል፣ ካውያው ክንዷን ያፈረጥመዋል፣ እግሯ ግን ሥራ መውጫ ላይ የራሷ አይመስላትም። ለብዙ ዓመት ቤቷ አንድ ክፍል ነበር፤ በሩ ሲከፈት አልጋውን ይገጫል። እንግዳ ሲመጣ ወይ እንግዳው አልጋ ላይ ይወጣል፣ ወይ እሷ ትወጣለች። ኋላ፣ የሟች ባላቸውን ካፖርት ሁልጊዜ እሷ እንድትተኩስላቸው የሚያመጡ አንዲት ባልቴት ከግቢያቸው ሁለት ክፍል መለቀቁን ነገሯት። ኪራዩን ስትሰማ እንደማይቻል ልቧ ያውቅ ነበር፤ አፏ ግን ቀድሞ እሺ አለ። ቁልፉን የተቀበለች ዕለት ባዶው ቤት መሃል ቆማ አስነጠሰች፤ ግድግዳውም መልሶ አስነጠሰላት። ሳቀች። ብቻውን የሚያስነጥስ ቤት ይዛ አታውቅም።

ሁለት ክፍል የፈለገችው ለራሷ አልነበረም። ለእናቷ ነው።

እናቷ ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሄዶ፣ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ቤታቸው ከተሸጠ ወዲህ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሲዞሩ ከርመዋል። የትም ሲሄዱ አንዲት ቡናማ የቆዳ ሻንጣ አብራቸው አለች፤ መቆለፊያዋ ላልቶ በገመድ የምትታሰር። የሄዱበት ቤት ሁሉ አልጋ ይሰጣቸዋል፣ ሻንጣዋ ግን አትፈታም። ልብስ ሲፈልጉ ገመዱን ይፈቱና አውጥተው መልሰው ያስሩታል። የተነሣ መንገደኛ እንጂ የተቀመጠ ሰው አይመስሉም።

አንድ ጊዜ ተኳሿ ዘንድ፣ በዚያች በአንዷ ክፍል ሞክረውት ነበር። እሳቸው አልጋው ላይ ተኙ፣ ልጅቷ መሬት ላይ። ገና ሳምንት ሳይሞላቸው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ። ልጄን መሬት አስተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉ፣ አበቃ። ከዚያ ታላቅ ወንድሟ ቤት ገቡ።

ታላቅ ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቁመቱ ከመኪናው ጋር የሚፎካከር ስለሆነ ቀጭኔው ይሉታል። ሚስቱ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ይህ መባል አለበት። ግን ቤቷ አዲስ ነው፣ ዕቃዋም አዲስ፣ አብዛኛውም መስታወት። እናቲቱ በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት፣ እጃቸው ያረፈበት ሁሉ ደግሞ ሹል ነው፣ ወይ ይወድቃል። አንድ ቀን የአበባ ማስቀመጫ ተሰበረ። ማንም አልተቆጣቸውም። ዝም ብለው ዕቃውን ሁሉ እጃቸው ከማይደርስበት አነሡት። «እማማ፣ እዚህ ጋ አይንኩ፤ እንዳይቆርጥዎት» ትላለች ምራታቸው፣ በቅንነት። ከስድብ ይልቅ ያ አመማቸው። ከዚያ ወዲያ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው መዋል ሆነ ሥራቸው።

በመጨረሻ ቀጭኔው ተኳሿን ሥራ ቦታዋ ድረስ መጥቶ አነጋገራት። ከተማው ዳር ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ለእማዬ አልጋ ማግኘቱን ነገራት። ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለው፣ እያለ ጥሩ ጥሩውን ሲቆጥርላት ዓይኗን አያይም ነበር። እሷ ቤት መያዟን ስትነግረው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

«እንግዲህ እናያለን» አላት። «አንቺ ጋ ከረጋች እሰየው። እዚያም ሻንጣዋን እንዳሰረች ከተቀመጠች ግን፣ እኔ ሌላ መላ የለኝም። አልጋውን ብዙ አያቆዩልኝም።»

ነገሩ ይኸው ነበር። ሻንጣዋ ትፈታለች ወይስ አትፈታም።

ተኳሿ ባዶውን ቤት ስታይ መጀመሪያ አዲስ ዕቃ መሸጫ ሄደች። ዋጋውን ጠይቃ ስትወጣ ሻጩ እንኳ አዘነላት። ደግሞም ነክታ አየችው፤ ሁሉም ቀዝቃዛ ነው፣ ሁሉም ልሙጥ ነው፣ አንዱን ከሌላው በእጅ መለየት አይቻልም። ይህ የወንድሟ ቤት ሆነባት። አትንኩኝ የሚል ዕቃ ለእናቷ አይሆንም። ሰው የነካው፣ የተደገፈበት፣ ጠርዙ የዶለዶመ ዕቃ ነው የሚሻለው። ደግነቱ እንዲህ ያለው ዕቃ ርካሽ ነው። ድሃ ሲፈልግ የሚገባውን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ጊዜ ታዲያ አፉን ዘግቶ መቀበል ነው።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ረጅም መተላለፊያ አለ። በግራና በቀኝ ወንበር በወንበር ላይ ተቆልሏል፣ እግር ያጣ ጠረጴዛ ግድግዳ ተደግፏል፣ የመብራት አንገት እንደ ጠወለገ አበባ ተደፍቷል። ተኳሿ እረፍቷ በሆነ ቀን ሁሉ እዚያ ዋለች። ለሞኝነቷ እየከፈለች ነው የተማረችው። መጀመሪያ የገዛችው መስታወት ፊቷን አጣሞ የሚያሳይ ሆነ፤ ቤት ስትሰቅለው አንድ ጉንጯ ያበጠ መሰላት፣ ጥርሷን አሟት እንደሆነ ደጋግማ ነካካች። ሁለተኛ የገዛችው አግዳሚ ወንበር ሲያዩት ጤነኛ ነበር፤ ቤት ከገባ በኋላ ግን የትኋን ሀገር መሆኑ ታወቀ። ግቢ አውጥታ የፈላ ውኃ ስትደፋበት አከራይዋ ከመስኮት ሆነው «ምን እየቀቀልሽ ነው?» አሏት። «ተከራዮች» አለች።

ከዚያ ወዲህ ብልህ ሆነች። ዕቃውን ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ታያለች። መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ስባ ታሸተዋለች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ብል የበላው እንጨት ሲመታ ድምፁ እንደ ባዶ ጣሳ ነው። ከሁሉ በላይ፣ የወደዱትን ዕቃ ማየት ነውር ነው፤ አጠገቡ ያለውን ነው ማየት፣ የወደዱትን ግን እግረ መንገድ፣ እንደ ዋዛ «ይሄስ?» ማለት። ዝናብ የጣለ ቀን ደግሞ ነጋዴው ዕቃው እየራሰበት ልቡ ይለሰልሳል።

ሥራዋም ጠቀማት። እንጨት ሲጎደጉድ፣ እርጥብ ጨርቅ አድርጎ ላዩ ላይ ትኩስ ካውያ ቢያሳርፉበት የተጨፈለቀው ቦታ ተመልሶ ያብጣል። ይህን ያገኘችው በድንገት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቷ የገባ ጠረጴዛ ሁሉ እንደ ሸሚዝ ተተኮሰ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ የለወጣቸውን ወፍራም መጋረጃዎች አሠሪዋ በትንሽ ሲለቁላት፣ ጸሐይ የበላውን ጠርዝ ቆርጣ በቀረው ሁለቱን መስኮት አለበሰች። መጋረጃው ሲዳሰስ እንደ በግ ጀርባ ነው።

የምትገዛው ግን ዓይኗን ጨፍና ነበር። ይህን ያዩ ነጋዴዎች መጀመሪያ ታማለች አሉ፣ ቀጥሎ ታስቃለች አሉ። ዓይኗን ትጨፍንና ወንበሩን ከመደገፊያው እስከ እግሩ ትዳስሰዋለች፣ ሹል ካለው ትተወዋለች። ክረምት ከበጋ ኮፍያ የማያወልቅ አንድ ነጋዴ አለ፤ እሷን ሲያይ ቆይቶ ጠጋ አላት።

«እህቴ፣ ዕቃዬ ይህን ያህል ያስፈራል እንዴ? እያየሽ ግዢ እንጂ።»

«ለማያይ ሰው ነው የምገዛው» አለችው፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

ባለ ኮፍያው ቀልዱን ዋጠ። ውስጥ ገብቶ ሌላ ወንበር አመጣና እጇ ሥር አስቀመጠላት። «በይ እንግዲያው ይህን ዳስሺ» አላት። የወንበሩ ክንድ ጫፍ ላይ ሰው ለዘመናት መዳፉን አሳርፎበት ልክ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ገዛችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ኮፍያው ዕቃ ሲያስገባ ራሱም ዓይኑን ጨፍኖ መዳሰስ አመጣ፤ ጎረቤቶቹ አንዷ አሳብዳው ሄደች ብለው አሙት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ሞላ። የጎደለው ልብስ መስቀያ ብቻ ነበር። ተኳሿ በልቧ የያዘችው ነገር ግልጽ ነበር፤ ማስቀመጫ የሌለው ሰው ሻንጣውን ለምን ይፈታል? ቁም ሳጥን ያስፈልጋል።

ያገኘችው ከባለ ኮፍያው ሱቅ የመጨረሻ ጥግ፣ ከፍራሽና ከብረት አልጋ ጀርባ ተቀብሮ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ ትልቅ፣ ሰውዬው ራሱ ከገዛው ቀን ጀምሮ ተጸጽቶበታል። የዛሬ ቤት ለሰውም አይበቃ፣ ይህን ማን ይወስደዋል እያለ ያማርራል። ተኳሿ በፍራሾቹ መሃል እጇን ሰደደች፣ ዓይኗን ጨፈነች። በሩ ላይ ሐረግ ተቀርጿል፤ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ መሃል መሃሉ ላይ የወይን ፍሬ የመሰለ ድብልብል ነገር። ጣቷ መንገዱን ይዞ ሄደ። ሲከፈት ውስጡ ሳሙናና የድሮ ሱፍ ሸተታት። ያን ጊዜ የተማረችውን ሁሉ ረሳች። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ይነበብ ነበር። ባለ ኮፍያው ግን ቦታውም አስጨንቆት፣ ምናልባትም አዝኖላት፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ነገራት፤ ብቻ ከሄደ አይመለስም አላት። ተጨባበጡ።

ቤቷ ስትደርስ ነው ስለ በሩ ያሰበችው። የክፍሉ በር ጠባብ ነው። ሜትር የላትም፤ እንኳን እሷ ቤት አባቷም ቤት ኖሮ አያውቅም። አባታቸው መንገድ ሥራ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነበር፣ ቤት ውስጥ ግን ሁሉን በክንዱ ነበር የሚለካው። ሜትር ይጠፋል፣ ክንድ ግን ተቆርጦ ካልሆነ አይጠፋም ይል ነበር። ልጆቹም ከሱ ለምደዋል። ተኳሿ ክንዷን በሩ ላይ ዘርግታ ለካች፤ ክንድ ከስንዝር፣ ከዚያም ላይ አራት ጣት።

ቁም ሳጥኑ ደግሞ ስንት እንደሆነ አታውቅም፤ ቅጠሉን ስትዳስስ መለካቱን ረስታለች። ሥራዋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች ቀጭኔውን በስልክ ለመነችው። እሱም በዚያ ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ገባ፣ ፍራሹን ገፋ ገፋ አድርጎ ለካውና ደወለላት። ቁመቱና ወርዱ እንደማያስቸግር፣ የሚያሠጋው ከፊት እስከ ጀርባው ያለው እንደሆነ፣ እሱም ደግሞ ልክ ክንድ ከስንዝር እንደሆነ ነገራት።

«በደንብ ለክተሃል ጋሼ?»

«አንቺ፣ እኔ እኮ በዚህ ክንድ ነው የምኖረው።»

ክንድ ከስንዝር በክንድ ከስንዝር ከአራት ጣት ይገባል። አራት ጣት ይተርፋል። ተኳሿ ስልኩን ዘግታ ያን ቀን ሸሚዝ ሁሉ እያዜመች ተኮሰች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀጭኔው መጣ። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ነው ያመጣቸው፤ ቁም ሳጥኑን ከኋላ ጭኖ፣ እናቱን ከፊት አስቀምጦ። ሻንጣዋ ጭናቸው ላይ ነበረች። ቁም ሳጥኑን ያወረዱት ሁለት ተሸካሚዎች ግቢው ውስጥ ካቆሙት በኋላ አንዱ በሩን አየ፣ ቁም ሳጥኑን አየ፣ ጓደኛውን አየ። ሆኖም ሞከሩት። ደፍተው ሞከሩት፣ በጎን አድርገው ሞከሩት፣ አዙረው በጀርባው ሞከሩት። አይገባም። ተሸካሚዎቹ እኛ የተዋዋልነው ለማውረድ ነው ብለው ሄዱ።

«ክንድ ከስንዝር ነው ያልኩሽ!» አለ ቀጭኔው፣ ላቡን እየጠረገ።

«እኔስ? የኔ በር ክንድ ከስንዝር ብቻ ነው? አራት ጣት ይተርፋል!»

አከራይዋ በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። ወንድምና እህት ሲጨቃጨቁ አንዴ ወደ ሽቅቡ፣ አንዴ ወደ ቁልቁሉ ያያሉ።

«በማን ክንድ?» አሉ።

ቀጭኔው ክንዱን አየ። ተኳሿ ክንዷን አየች። የሱ ክንድ ከስንዝር ብሎ የሚያቆምበት ላይ፣ የሷ ገና ሌላ መዳፍ ይፈልጋል። አባታቸው ሲለካ ግቢው ውስጥ የነበረው ክንድ የሱ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ የወረሱት ልማዱን እንጂ ክንዱን አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ሰው፤ እሷ ግን አፍሳ እንኳ የምትለቅመው አጣች። ባለ ኮፍያው አይመለስም ብሏል። ደመናው ደግሞ ከጣሪያው በላይ እየከበደ ነው።

ቀጭኔው መጋዝ ይምጣ አለ፤ ከጀርባው ትንሽ ብንቆርጠው አለ። ተኳሿ እጇን ቁም ሳጥኑ ላይ ጫነች። በሩን እናፍርሰው ሲል አከራይዋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። «ያን በር ያሠራው ባለቤቴ ነው» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ቀጭኔው ራሱን እየነቀነቀ፣ እንግዲህ ውጪ ይደርና ዝናቡ ይብላው ማለት ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእህቱ ብቻ፣ የመጦሪያ ቤቱ ሰዎች ነገ መልስ እንደሚፈልጉ ነገራት። እሷም እንባዋ መጣ። ለቁም ሳጥኑ አልነበረም።

እናቲቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ግቢው መሃል ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ቤት ግቢ ቢባሉ እዚሁ ይሻለኛል ብለዋል። ጆሯቸው ግን እንደ ዓይናቸው አልደከመም።

«እናንተ ልጆች» አሉ። «ምንድን ነው አልገባም የሚባለው? እኔ ነኝ?»

«ቁም ሳጥን ነው እማዬ» አለ ቀጭኔው። «አንቺማ ትገቢያለሽ።»

«የማን ቁም ሳጥን?»

«ላንቺ ብላ ነው የገዛችው።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ ሻንጣ አለኝ።»

ተኳሿ ይህን ስትሰማ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። መቼም ተስፋ የሚቆረጠው ቁጭ ተብሎ ነው። ሁሉንም ልትተው ነበር፤ ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ የተተኮሰውን ጠረጴዛ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብለው ሲስቁባት ሁሉ ተሰማት።

እናቲቱ ግን ተነሡ። ለምን እንደተነሡ ኋላም አልተናገሩም፤ ምናልባት የልጃቸው ዝምታ ከብዷቸው ይሆናል። እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው በዝግታ መጡና ቁም ሳጥኑን አገኙት። አይንኩ የሚል ሰው አልነበረም። መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ። ቅጠሉን አገኙ። ጣታቸው ሐረጉን ይዞ ልክ የተኳሿ ጣት በሄደበት ሄደ፣ ከዚያ ግን ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ማዕዘኑ፣ ከጣሪያው ከንፈር ሥር ገብቶ አንድ ነገር ፈለገ።

«ምስማር የለውም» አሉ።

«እንዴት የለውም?» አለ ቀጭኔው።

«የለውም ስልህ! ና ወደዚህ፣ ረጅም። እጅህን እዚህ ክተት። ምን ይሰማሃል?»

ቀጭኔው ሳይንጠራራ እጁን ከተተ። ከከንፈሩ ሥር፣ ዓይን ከማያየው ቦታ፣ አውራ ጣት የሚያክል የእንጨት ሽብልቅ ተሰክቷል።

«ይሄ የሚፈታ ቁም ሳጥን ነው» አሉ እናቲቱ። «አባታችሁ መንገድ ሥራ ላይ እያለ አንድ ቦታ ሦስት ወር አንቀመጥም ነበር። እንዲህ ያለው ነበረን። ጠዋት ፈትተን እንጭነዋለን፣ የደረስንበት እንገጥመዋለን። አንተ ገና ጡት ትጠባ ነበር፤ እሷ አልተወለደችም። መዶሻ አምጡ። ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ እንዳያቆስለው።»

ተኳሿ ከደፉ ላይ ብድግ አለች። አከራይዋ መዶሻ አመጡ፣ እሷ የመተኮሻ ጨርቋን ጠቀለለችበት። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ አለቃው አንድ ሰው ነበር። እናቲቱ አንድ እጃቸውን እንጨቱ ላይ አድርገው ያዛሉ፣ ሌላው ይታዘዛል። ከታች ወደ ላይ ምታው፣ አሉ፣ ቀስ፣ እንደዚህ አይደለም፣ በር እያንኳኳህ ነው ወይስ ሌባ እየደበደብክ? ሽብልቁ ወጣ። ሌላው ወጣ። ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን አንሡት አሉ፤ ተነሣ። በሩን በሰፊው ከፍታችሁ ወደ ላይ ግፉት አሉ፤ ማጠፊያው ለቀቀው። ዓመታት ሙሉ ማንም ያልደፈረው ግንብ የመሰለ ነገር በየገጹ ተዘርግፎ ጣውላ ሆነ። ባለ ኮፍያው ይህን ቢያውቅ ኖሮ ያንን ሁሉ ጊዜ አልጋና ፍራሽ አይቆልልበትም ነበር።

ካፊያው የጀመረው የመጨረሻው ጎን ሲገባ ነው። ቀጭኔው ጀርባው ረጥቦ ጣውላው ግን ደርቆ ገባ።

መግጠሙ ደግሞ ሌላ ሥራ ነበር። ተኳሿ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ግራ ገባት። እናቲቱ የአንዱን ጣውላ ጠርዝ ዳስሰው ትንሽ ጭረት አገኙ፤ አናጢው በስለት የተወው ምልክት ነው። አንድ ጭረት ያለው አንድ ጭረት ካለው፣ ሁለት ያለው ሁለት ካለው አሉ። ዓይን ያላቸው ሦስት ሰዎች ጭረቱን ሲፈልጉ፣ እሳቸው በጣታቸው ቀድመዋቸው ይጠብቃሉ። አንደኛው ሽብልቅ ሲመታ ተሰነጠቀ። አከራይዋ የተሰበረ ማማሰያ እንዳላቸው ትዝ አላቸው፤ ቀጭኔው እጀታውን በቢላ ጠረበና ሰካው። እስከ ዛሬም እዚያው አለ፤ ከከንፈሩ ሥር ያልዳሰሰ ሰው የክብር ቁም ሳጥን ይመስለዋል።

ሲያበቁ ሁሉም ቁጭ አሉ። አንዳንዴ ሰው የደከመው በሥራው ሳይሆን በፍርሃቱ እንደነበር የሚያውቀው ፍርሃቱ ሲወጣለት ነው። ቀጭኔው ሻይ ጠጣ፣ ዳቦውን ሳያላምጥ ዋጠው፣ ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ ማየት ጀመረ።

«እማዬ፣ የአባዬ ክንድ እንደኔ ነበር ወይስ እንደሷ?»

እናቲቱ የሁለቱንም ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ዳሰሱ፣ ጊዜ ወሰዱ።

«እንደ አንዳችሁም አልነበረም» አሉ። «ለዚህ ነው የሠራው መደርደሪያ ሁሉ ጠማማ የሆነው። ለካሁ እያለ ይገምት ነበር፤ እኔም ዝም እለው ነበር።» ከዚያ ሳቁ፤ እንዴት እንደሳቁ! ሻይ እስኪፈስ ድረስ። ተኳሿ እናቷ እንዲህ ሲስቁ ከሰማች ስንት ጊዜ እንደሆነ ማስታወስ አቃታት።

ቀጭኔው ሲሄድ የመጦሪያ ቤቱን ነገር አላነሣም፣ እሷም አላነሣችም። ሻንጣዋ በገመድ እንደታሰረች አልጋው እግር ሥር ነበረች።

በማግስቱ ተኳሿ ሥራ ላይ ሆና አንድ የሰው ሸሚዝ ልታቃጥል ምንም አልቀራትም። አሠሪዋ ልብሽ የት ነው አሏት። ልቧ አልጋው እግር ሥር ነበር። ሥራ መውጫ ላይ እግሯ የራሷ አልነበረም፣ ግን ሮጠች።

በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሻንጣዋን ነው። መሬት ላይ በጎኗ ተጋድማለች፤ አፏ ተከፍቷል፣ ገመዱ አጠገቧ ተጠምዝዟል። ውስጧ ባዶ ነው። እናቲቱ ክንዱ እንደ እንቁላል በለሰለሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ከመደገፊያው ላይ እያዟዟሩ ነበር። የቁም ሳጥኑ በር ተከፍቷል። ሦስት ቀሚሳቸው ተሰቅሏል፣ ነጠላቸው ታጥፏል፣ የሟች ባላቸው ባርኔጣ ሳይቀር ቦታ ይዟል። ዕድሜዋን ልብስ ስታጥፍ የኖረችው ተኳሿ እንኳ እንከን አላገኘችበትም።

«ከላይ ያለውን ላንቺ ትቼዋለሁ» አሉ እናቷ። «ሁልጊዜ መንጠራራት አልችልም። ከታች ግን እንዳትነኪብኝ፤ የት ምን እንዳለ አውቄ ነው ያስቀመጥኩት።»

«እሺ እማዬ» አለች ተኳሿ።

«ደግሞ ያ ኮፍያ አያወልቅም ያልሽኝ ሰውዬ፣ አሮጌ ዕቃ ይገዛል አይደል? ይችን ሻንጣ ውሰጂለት። ቦታ ያዘችብኝ፤ ሁለቴ አደናቀፈችኝ።»

ተኳሿ ለቀጭኔው የደወለችለት ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ነው። ስልኩ ውስጥ የመኪናው ሞተር ሲጠፋ ተሰማ። ከዚያ አልጋውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ሹፌር አልነበረም።

በቀጣዩ እረፍቷ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መተላለፊያው ወረደች። ባለ ኮፍያው ከሩቅ አይቷት ተነሣ፤ ቁም ሳጥኑን ልትመልስ የመጣች መስሎት ፊቱን አከበደ። ሻንጣ መሆኑን ሲያይ ፊቱ ተፈታ። ተቀብሏት ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከላላው መቆለፊያ እስከ ታችኛው ስፌት ዳሰሳት። ብዙ እንከን የቆጠረ አስመስሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ዋጋ ለማውረድ።

«ስንት ትያታለሽ?» አላት፣ ዓይኑን ሳይከፍት።

ተኳሿ በዚህ መተላለፊያ ውስጥ የተማረችውን ሁሉ ታውቅ ነበር። ፊትን መደበቅ ነው። እሷ ግን መሳቅ ጀምራ ነበር፣ እሱም ዓይኑን እንደጨፈነ ሰማት።